አንድ ምልክት፣ ሁለት ምላጭ

አንድ ጊዜ፣ መዥገር አውሬውን ሁሉ በሚያሰቃይበት ቆላ ውስጥ፣ ምላጭ የሚሠራ ጃርት ነበር። ጃርትና ምላጭን ምን አገናኛቸው ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ጀርባው ሁሉ እሾህ የሆነ፣ የገዛ ዘመዱ እንኳ አቅፎ ሊስመው የሚፈራ ፍጡር የሌላውን ጠጉር ላለስልስ ብሎ መነሣቱ ለእኔም ግራ ነው። ብቻ እጁ የተባረከ ነበር።

ጃርት ባልጩቱን፣ ያን ስለታም ጥቁር ድንጋይ፣ ከተራራው ሥር ቆፍሮ ያመጣል። በውሃ እያራሰ ሰባት ቀን ድንጋይ ላይ ይስለዋል። እጀታውን ከወይራ ይጠርባል። ይህን ሁሉ ሌላም ሊሠራው ይችል ይሆናል፤ የጃርት ሙያ የሚለየው ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ነው። ምላጩን በመጀመሪያ የሚሞክረው በራሱ ጉንጭ ላይ ነበር፤ ከመላ አካላቱ ለስላሳ ጠጉር ያለው እዚያ ነውና። ምላጩ ሳይጎትትና ሳይቧጥጥ ጉንጩን ካጸዳለት፣ ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ እጀታው ላይ ሦስት ነጥብ ይወጋል። ከጎተተው ግን ሰብሮ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። የጉንጭ ጠጉር ደግሞ ባንድ ጀንበር አይበቅልም። ስለዚህ ከጃርት ቤት በወር ከሁለት ምላጭ በላይ አይወጣም፤ ዋጋውም አንድ ማድጋ ማር ነበር።

ማድጋ ሙሉ ማር ያለው አውሬ ጥቂት ነው። ነብር አንድ ምላጭ ነበረው። አጋዘን ለልጇ ሠርግ ብላ አንድ ገዝታለች። ከሁሉም በላይ ግን አንበሳ ነበር። መዥገር የአንበሳን ጎፈር ይወዳል፤ ይልቁንም ከጉሮሮው ሥር ተሰግስጎ ደሙን ይመጥጣል። በየወሩ አንድ ቀን፣ ሸንጎው ከዋርካው ጥላ ሲሰበሰብ፣ አንበሳ ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጃርትም ጉሮሮውን ይላጨዋል። አንበሳ ጉሮሮውን ለሚስቱ እንኳ አይሰጥም። ጃርት ከማሩ ሁሉ ይልቅ የሚኮራው በዚህ ነበር። «ንጉሡ ዓይኑን ጨፍኖ ጉሮሮውን የሚሰጠው ለእኔ ምላጭ ነው» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል።

አንድ መስከረም መዥገሩ ከወትሮው በዛ። እመት አህያ ጀርባዋን በግራር ግንድ ስታክ ስታክ ቆስላ ወደ ጃርት ደጅ መጣች።

«አያ ጃርት፣ እንደምን ሰነበትህ?»

«እግዜር ይመስገን፣ እመት አህያ። ምን እግር ጣለሽ?»

«መዥገር ጨረሰኝ እኮ። ማሩን እንኳ ከየት አመጣዋለሁ ብለህ ነው! አንድ እፍኝ ሽምብራ ይዣለሁ። በዚህች የሚሆን ምላጭ አይጠፋህም ብዬ ነው።»

«የለኝም፣ እመት አህያ። በወር ሁለት ነው የምሠራው፤ እነሱም ተይዘዋል።»

«አይ፣ ግድ የለም። ብጠይቅ ምን አለበት ብዬ ነው እንጂ» ብላ ሽምብራዋን ይዛ ተመለሰች። ከኋላዋ ሲያያት ጀርባዋ ላይ ዝንብ ሰፍሮ ነበር።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ከአጥሩ ሥር ሆና ሰምታለች። ቀበሮ ያልሰማችው ነገር ደግሞ መቼ ኖሮ ያውቃል!

«አንተ አያ ጃርት፣ ሞኝ ነህ ልበል?» እያለች ገባች።

«ምነው ምን አጠፋሁ?»

«አንበሳ ስንት ነው? አንድ። አህያ ስንት ነው? ከርከሮ ስንት ነው? ዝንጀሮስ? መዥገር የሌለበት የለም። እፍኝ ሽምብራ የሌለውም የለም።»

«ጉንጬ አንድ ነው፣ እመት ቀበሮ። ለሁሉ አይዳረስም።»

«ጉንጭህን ማን ጠየቀህ? ከወንዙ ዳር የወዳደቀውን የባልጩት ፍንካች ልቀም፤ ሳል ሳል አድርገው፤ በጉሎ እንጨት ላይ ሰካው፤ እንጨቱን ጥላሸት ቀባና ወይራ አስመስለው፤ ሦስት ነጥብህን ውጋበት። አለቀ!»

የጃርት ሚስት ጓዳ ሆና ታዳምጥ ኖሮ ብቅ አለች።

«ሠርቶ መሸጡስ ደግ ነው» አለች። «ለድሃ መሥራት ጽድቅ ነው እንጂ ነውር አይደለም። ግን ይህኛው ሌላ ምላጭ ነው፤ ሌላ ምልክት ይኑረው። ሁለት ነጥብ ውጋበት።»

ቀበሮ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። «እመት ጃርት፣ አህያ የፈለገችው ምላጭ ይመስልሻል? የአንበሳን ምላጭ ነው የፈለገችው። ሁለት ነጥብ ያለበትንማ ዝንጀሮም ይሠራዋል። ሽምብራውን የምታመጣው ሦስተኛዋ ነጥብ ናት።»

«ሦስቱ ነጥብ እኮ ‹በጉንጬ ሞክሬዋለሁ› ማለት ነው።»

«ተጽፎበታል?» አለች ቀበሮ።

በእርግጥ አልተጻፈበትም። ጃርት ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። ሚስቱ ልክ መሰለችው፤ ቀበሮም ልክ መሰለችው። የአህያ ቁስል ትዝ አለው፤ በዚያው የተቆላ ሽምብራ ሽታ ትዝ አለው። ከሁለቱ የትኛው እንዳሸነፈው እሱም እስከ ዛሬ አያውቅም። ብቻ በማግስቱ ማለዳ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ ፍንካች ሲለቅም ታየ። ሽያጩን ቀበሮ ያዘች። ቀበሮ ሽምብራ አትበላምና፣ በዕንቁላል የሚከፍል ሲመጣ ዕንቁላሉ የእሷ እንዲሆን ተስማሙ።

የገበያው ቀን ግፊያው ለጉድ ነበር። «የንጉሡ ምላጭ! በእፍኝ ሽምብራ የንጉሡ ምላጭ!» እያለች ቀበሮ ትጮኻለች። ከርከሮ ገዛ። ዝንጀሮ ለራሱም ለሚስቱም ገዛ። እመት አህያ ሽምብራዋን አስረክባ ምላጩን ተቀበለች፤ ሦስቱን ነጥብ በከንፈሯ ዳሰሰችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ምላጩ መጥፎ አልነበረም። መዥገሩን ከነጠጉሩ ጠርጎ አወረደላት። እመት አህያ ከስንት ዘመን በኋላ ያን ሰሞን ሳታክ ዋለች።

አያ ጅቦ ግን አምስት ገዛ።

«አምስት ምን ያደርግልሃል?» አለችው ቀበሮ።

«ንጉሡ ያለው አንድ ነው አይደል?»

«አዎ፣ አንድ ነው።»

«እንግዲያው እኔ አምስት ጊዜ ንጉሥ ነኝ» አለ ጅብ።

አንበሳ የሚላጨው ጉሮሮውን ብቻ መሆኑን ለጅብ የነገረው አልነበረም። ስለዚህ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ተላጨ፤ አንዱ ምላጭ ሲደንዝበት ሌላውን እያነሣ። ከዚያ ብርዱ እያንቀጠቀጠው፣ አምስቱን ምላጭ በልጥ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሸንጎ ገባ። አውሬው ምን ዓይነት ፍጡር እንደመጣበት ግራ ገብቶት መንገድ ለቀቀለት። ጅብ በቀጥታ ወደ አንበሳ ሄዶ እጅ ነሣ።

«እንዴት ዋሉ፣ የምላጭ ወንድሜ!»

አንበሳ ከኋላው ሌላ የቆመ ካለ ብሎ ዞረ። ማንም የለም። «ማንን ነው የምትለው?»

«እርስዎን ነዋ! እኔና እርስዎ በአንድ ምላጭ አይደል የምንላጨው? ይኸው፣ ሦስት ነጥብ። የእርስዎ አንድ ብቻ ነው አሉ። ከቸገረዎት ከእኔ አንዱን ልስጥዎ፤ ወንድም ለወንድም ነው።»

ሸንጎው ሳቁን ለመያዝ ሳል ሳለ። አንበሳ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። የጅብን ራቁት ገላ ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ፣ ሳያስበው ጉሮሮውን በመዳፉ ሸፈነ። ነብር ምላጩን ቀስ ብሎ ከሥሩ ደበቀ። አጋዘን ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት «እኔ የገዛሁት ድሮ ነው፤ ያኔ እንዲህ አልነበረም» ማለት ጀመረች።

በማግስቱ ነብር ጃርት ቤት መጣ። ጅራቱን እያወናጨፈ፣ የመጣበትን ነገር ለመናገር ያፈረ ይመስል ነበር።

«አያ ጃርት፣ በእኔ ምላጭ ላይ አራተኛ ነጥብ ጨምርልኝ።»

«ለምን ጌታው? ምላጩ አስቸገረዎት?»

«ምላጩስ ደህና ነው። እኔ ነኝ የተቸገርኩት። ሰው ሲያየኝ ጅቡ ትዝ የሚለው ይመስለኛል።»

ቀበሮ ከደጅ ሆና ይህን ሰማች። «አራት ነጥብ? ግሩም ሐሳብ ነው!» አለች። «ከሚቀጥለው ገበያ ጀምሮ በሁሉም ላይ አራት አራት እንወጋለን!»

ነብር አንዴ ቀበሮን፣ አንዴ ጃርትን አየና ወጣ። ምላጩንም እዚያው ረስቶ ሄደ፤ ወይም ረሳሁ ብሎ።

የአንበሳ የመላጫ ቀን ደረሰ። ጃርት እንደ ልማዱ ምላጩን አጥቦ፣ ደረቱን ነፍቶ ቀረበ። እጁን ገና ሲያስጠጋ አንበሳ ራሱን ወደ ኋላ አሸሸ።

«ጎተተኝ።»

«ጌታዬ፣ ገና አልነካሁዎትም።»

«ሊጎትተኝ ነበር።»

ጃርት ደነገጠ። ከአንበሳ ጎፈር የረገፈች አንዲት ጠጉር አንሥቶ ወደ ላይ ለቀቃትና አየር ላይ እንዳለች በምላጩ ለሁለት ከፈላት። «ይኸው ጌታዬ። ያው ምላጭ ነው፤ ምንም አልተለወጠም።»

«ያው የጅብ ምላጭ?»

«ኧረ የለም! ያው የእርስዎ ማለቴ ነው።»

«የጅብና የእኔ ይለያያሉ?»

«እጅግ በጣም ይለያያሉ እንጂ!»

«ምልክቱስ?»

«ምልክቱማ... ያው ነው።»

«እንግዲያው አሁን የያዝከው የትኛውን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«እኔ አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ።»

«አንተ ታውቀዋለህ። ጉሮሮው ግን የእኔ ነው» አለ አንበሳ። «ሂድና አስበህ በሚመጣው ሸንጎ መልሱን ይዘህልኝ ና።»

ጃርት ቤቱ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ መንገድ ሳተ። ሚስቱ ፊት ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ያለቃቅስ ጀመር።

«ምላጩ ያው ነው። እጄ ያው ነው። ስለቱ ያው ነው። ታዲያ የንጉሡን ጉሮሮ ምን ነካው? ሌላ መሥራቴ እንዴት አድርጎ ይህኛውን ያበላሸዋል? ድንጋይ በድንጋይ ይቀናል?»

«ሰሞኑን ጉንጭህን ነክተኸዋል?» አለችው።

ጃርት ጉንጩን ዳሰሰ። ጠጉሩ አድጎ፣ ተጠቅልሎ፣ ገለባ ተሰክቶበት ነበር። እጁን ጠለቅ ሲያደርግ አንድ የወፈረ መዥገር አገኘ። ከመስከረም ወዲህ ፍንካች ሲለቅምና ነጥብ ሲወጋ፣ አንዲት ምላጭ እንኳ በጉንጩ አልሞከረም። መዥገሩን ነቅሎ መዳፉ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። ለምላጭ ሠሪ ይህ ትልቅ ውርደት ነው፤ አፈረ፤ እፍረቱም ከእሾሁ ሥር ድረስ ወጋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዝ ዳር አልወረደም። ቀበሮ ብትጣራ አልመለሰላትም። ተራራውን ወጥቶ ከጥልቁ ጥቁር ባልጩት ቆፈረ፤ ሰባቱን ቀን አሥራ አራት አድርጎ ሳለው። ሦስት ምላጭ ሠርቶ ሁለቱን ወንዝ ውስጥ ጣለ። አንዱ በጉንጩ ላይ ሲያልፍ መንካቱን እንኳ አላወቀም። እጀታው ላይ ሦስቱን ነጥብ ወጋ፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ምላጭ ሠርቶ አያውቅም ነበር።

ሸንጎው ተሰበሰበ። ጃርት ምላጩን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ወደ ዋርካው ሲሄድ፣ እመት አህያ መንገድ ላይ ጠበቀችው። አንዱ ጆሮዋ በቅጠል ተጠቅልሎ ደም ሰርጎበት ነበር።

«አያ ጃርት፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው።

«ምን አደረግሽኝ?»

«ምላጭህን ሰበርኩብህ። ለአራተኛ ጊዜ ስላጭበት ተሸርፎ ስባሪው ጆሮዬን ቆረጠኝ። አንተ በጉንጭህ የሞከርከው ነገር እኔን ከቆረጠኝ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቆዳዬ ክፉ ሆኖ ነው መሰለኝ፤ ወይ አያያዙን አላወቅሁበት ይሆናል።»

ጃርትን ብትሰድበው፣ ብትረግጠው ይሻለው ነበር። አንገቱን ደፍቶ አለፋት፤ እሷም ተከትላው ገባች።

«እህ፣ ጃርት፣ መልሱን ይዘህ መጣህ?» አለ አንበሳ።

ጃርት ቅጠሉን ፈትቶ ምላጩን አሳየ። ስለቱ ላይ የዋርካው ቅርንጫፍ ቁልጭ ብሎ ታየ። ከአውሬው መካከል «እሰይ!» ያለ ነበር።

«መልካም ነው» አለ አንበሳ፣ የእመት አህያን የተጠቀለለ ጆሮ እያየ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይህና የእመት አህያ ምላጭ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?»

እንግዲህ እናንተ በጃርት ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አንድ ናቸው ቢል አንበሳ ጉሮሮውን አይሰጥም። ይለያያሉ ቢል ያቺን ምስኪን በሦስት ነጥብ አታሏታል። ጃርት ቀበሮን በዓይኑ ፈለጋት፤ ቀበሮ ግን የታመመች ዶሮ ልጠይቅ ብላ ከተነሣች ቆይታለች። እንዲህ ግራ ሲጋባ ያየችው እመት አህያ አዘነችለት።

«አንድ ናቸው እንጂ ጌታዬ!» አለች። «ነጥቡን አያዩትም? አያ ጃርት እኮ አይዋሽም። የተሰበረው በእኔ ጥፋት ነው።»

«አንድ ናቸው፣ አንድ ናቸው!» አለ ጅብም እየተንዘፈዘፈ።

ጃርት ምላጩን ዝቅ አደረገ። «ይለያያሉ» አለ በቀጭን ድምፅ። «የእመት አህያን አልሞከርኩትም። የጅብንም፣ የከርከሮንም አልሞከርኩም። ነጥቡን ብቻ ነው የወጋሁት።»

እመት አህያ ወዲያው አልገባትም። ቆሞ የነበረው ደህና ጆሮዋ ቀስ እያለ ወደቀ። ጅብ አንገቱ ላይ ያሉትን አምስት ምላጮች እየነካካ ግራና ቀኝ ያያል።

አንበሳ አላገሳም። «እውነቱን ስለነገርከኝ አልበላህም» አለ። «ጉሮሮዬን ግን ከእንግዲህ አልሰጥህም። ይህኛውን በደንብ ሠርተኸው ይሆናል፤ ሳትሠራም ግን ያንኑ ነጥብ ወግተሃል።» ከዚያ ወደ ሸንጎው ዞሮ ለዕለቱ የተቀጠረው የውሃ ተራ ክርክር እንዲጀመር አዘዘ።

ጃርት እዚያው ምላጩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የአንበሳም የአህያም ሳይሆን፣ ሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። ሸንጎው ሲበተን እየሮጠ እመት አህያን መንገድ ላይ ደረሰባት።

«እመት አህያ፣ እንቺ፣ ይህን ውሰጂ» አላት እያለከለከ። «ሽምብራም ማርም አልፈልግም። ንጉሡ እንኳ እንዲህ ያለ ኖሮት አያውቅም። በጉንጬ ሞክሬዋለሁ፤ ይህ እውነተኛው ነው።»

እመት አህያ ምላጩን አየችው። ማማሩን አላጣችውም። ሦስቱን ነጥብ ግን በከንፈሯ አልዳሰሰችም።

«የዚያን ጊዜውስ ምን ነበር?» አለችው።

ጃርት ምላጩን ይበልጥ አስጠጋላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጃርት። ይቅርብኝ። ጆሮዬ ገና አልዳነም» ብላ ጀርባዋን ልታክ ወደ ግራሩ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለድሃ በርካሽ መሥራት ነውር ባይሆንም፣ ለደከመበትም ላልደከመበትም ሥራ አንድ ምልክት የሚያኖር ሰው፣ ምርጡን በነጻ ቢያቀርብ እንኳ የሚያምነው እንደሚያጣ ነው።